ብረት ድንገት አይሰበርም፦ ካርቱም ያረፈው ጄትና የአንዲት ቀጭን መስመር ታሪክ

የዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ንጉሥም ሆነ ስለ ጦርነት አይደለም የሚያወራው። የሚያወራው በባዶ ዓይን ስለማትታይ አንዲት ቀጭን መስመር ነው። ብረት ሲታጠፍ፣ ሲጎተት ወይም ሲቀጠቀጥ ላዩ ላይ የምትወጣ መስመር ናት። «ይቺ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የሚል አይጠፋም። ታሪክማ አላት! በሐዲድ ላይ የተሰበሩ ዘንጎች፣ ሰማይ ላይ የተበታተኑ አውሮፕላኖች፣ ከአገራቸው የተሰደዱ ሳይንቲስቶች፣ እንዲሁም የእኛው ጎረቤት ካርቱም ሁሉም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ሽቦውን እንጠፍ

አንድ ለስላሳ የብረት ሽቦ ወይም የወረቀት ማያያዣ ክሊፕ ያዙ። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ብትለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ እንደ ላስቲክ የሚመለስ ለውጥ ስለሆነ ላስቲካዊ ይባላል። በደንብ ካጠፋችሁት ግን እንደታጠፈ ይቀራል። ይህኛው ደግሞ ፕላስቲካዊ ለውጥ ነው። እዚህ ላይ ፕላስቲክ ሲባል ፌስታልና ጀሪካን ወደ ሐሳባችሁ እንዳይመጣ! ቃሉ የሚለው «ቅርጹን ቀይሮ በዚያው የሚቀር» ነው።

አሁን ያጠፋችሁትን ሽቦ መልሳችሁ ለማቅናት ሞክሩ። አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የታጠፈችው ቦታ እምቢ ትላለች፤ ሽቦው የሚታጠፈው ከጎኗ ባለው ቦታ ነው። ለምን? የታጠፈችው ቦታ ከበፊቱ ስለጠነከረች ነው። እንደገና ወዲያና ወዲህ ብታመላልሱት ቦታዋ ትሞቃለች፣ ትጠነክራለች፣ ከዚያም ቀጭ ብላ ትሰበራለች። በአንድ ጊዜ ጉልበት የማይሰበር ሽቦ በብዙ ትናንሽ ማጠፍ ተሰበረ ማለት ነው።

ይህን ነገር አገራችን ውስጥ ከማንም በፊት የሚያውቀው ቀጥቃጩ ነው። ብረቱን በመዶሻ ደጋግሞ ሲመታው እየጠነከረ እንደሚሄድና ካለፈ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ስለዚህ ወደ እሳቱ መልሶ በወናፍ እያናፋ ያግለዋል፤ ብረቱም ይለሰልስለታል፤ ከዚያ በጉጠት ይዞ እንደገና መስፉ ላይ ያሳርፈዋል። ይህን የሚያህል ዕውቀት የያዘ ባለሙያ በገዛ አገሩ ሲሰደብና ሲናቅ መኖሩ ያሳዝናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውም ይታወሳል። ታዲያ ቀጥቃጩ ነገሩ እንደሚሆን ያውቅ ነበር እንጂ በብረቱ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማንም አላየም ነበር። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አስፈለገ።

ባቡሩና የተሳሳተው መልስ

በ1842 ግንቦት ወር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሰዎችን አሳፍሮ ይሄድ የነበረ ባቡር የመንኮራኩር ዘንጉ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች በእሳት አለቁ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ እንዲህ ያለ አደጋ እየበዛ ሄደ። ዘንጉ ለዓመታት ሸክሙን ችሎ ሠርቷል፤ የተሰበረበት ዕለት ከወትሮው የተለየ ጭነት አልነበረበትም። ታዲያ ምን ነካው?

ብዙ መሐንዲሶች የሰጡት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ብረቱ ጥሩ ሲሆን እንደ ጅማት ነው፤ ከመንቀጥቀጡ ብዛት ግን ውስጡ ተለውጦ እንደ ጨው ፍርፋሪ ክሪስታል ይሆናል፤ ስለዚህ ይሰበራል።» እንዲህ ያሉት የተሰበረውን ቦታ ሲያዩት ስለሚያብለጨልጭ ነው። መልሱ ለዓይን ያሳምናል፤ ግን ስህተት ነበር።

ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዘንጎችን በመሣሪያ እያሽከረከረ ፈተነ። ያገኘውም ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ቢጫን ብረቱን የማይሰብረው ኃይል፣ ብዙ ሺህ ወይም ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ይሰብረዋል። ይህ ነገር «የብረት ድካም» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ ብረት ግን እንደ ሰው ተኝቶ ድካሙ አይወጣለትም።

1899፦ አንድ ዓመት፣ ሁለት ነገር

በ1899 ማብቂያ ላይ ከዋዲ ሐልፋ ተነስቶ በረሃውን ያቋረጠው የእንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ከካርቱም ማዶ፣ ካርቱም ሰሜን ደረሰ። ሐዲዱ የመጣው ለጦርነት ተብሎ ነው፤ በኋላ ግን ሕዝብና እህል የሚያመላልስ ሆነ፤ የአትባራ ከተማም የባቡር ሠራተኞች ከተማ ሆነች። በዚያው በ1899 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ሰዎች የባቡሩ ዘንግ ለምን እንደሚሰበር የሚያስረዳውን የመጀመሪያ ቁልፍ አገኙ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ዓመቱን ለማስታወስ ይረዳል።

አንደኛው ጄምስ አልፍሬድ ዩዊንግ ይባላል። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ ጃፓን ሄዶ በቶኪዮ አስተምሯል፤ እዚያም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ ሠርቷል። ሁለተኛው ተማሪው ዋልተር ሮዘንሃይን ነው። በርሊን ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ፤ ሜልቦርን ውስጥ አድጎና ተምሮ በስኮላርሺፕ ካምብሪጅ ገባ።

ሙከራቸው ቀላል ነበር። ብረትን፣ መዳብን፣ እርሳስንና የመሳሰሉትን ወስደው ገጽታቸውን እንደ መስታወት እስኪሆን ድረስ አለሰለሱት። ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያዩ ጎተቱት። ብረቱ መመለስ ከሚችልበት ልክ እስኪያልፍ ድረስ ምንም አልታየም። ልኩን ሲያልፍ ግን በለሰለሰው ገጽታ ላይ ጥቁር ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ። ጉተታው ሲጨምር የመስመሮቹ ቁጥር ጨመረ።

ነገሩን በደንብ ሲያዩት ብረቱ ብዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጋጥመው የሠሩት ሆኖ አገኙት፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ደግሞ ክሪስታል ነው። በአንዱ ቅንጣት ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ታረሰ ማሳ ፈር ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ፤ ጎረቤቱ ቅንጣት ላይ ሲደርሱ አቅጣጫቸው ይለወጣል።

መጀመሪያ ላይ መስመሮቹ ስንጥቅ ይመስሉ ነበር። ዩዊንግና ሮዘንሃይን ግን ብልሃት ፈጠሩ፤ ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን አበሩበት። ቀድሞ ጥቁር የነበረው መስመር ብልጭ አለ! ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ብርሃን አይመልስም ነበር። እንግዲህ መስመሩ ደረጃ ነው ማለት ነው፤ ከጎን የመጣውን ብርሃን የሚመልስ የደረጃ ግንብ። የክሪስታሉ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ተንሸራቶ ትንሽ ደረጃ ትቷል። ስለዚህ መስመሮቹን የመንሸራተት መስመሮች አሏቸው፤ በእንግሊዝኛው ስሊፕ ባንድ ይባላሉ።

ለክፍል የሚሆን ምሳሌ እንስጥ። አሥር ደብተር ደራርባችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከላይ ወደ ጎን ግፏቸው። ደብተሮቹ አልተቀደዱም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተንሸራቷል፤ የክምሩ ጠርዝ ግን ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ብረትም ሲታጠፍ የሚሆነው እንዲሁ ነው። አተሞቹ በንጣፍ በንጣፍ ተደርድረዋል፤ ንጣፎቹ ይንሸራተታሉ፤ ጠርዛቸው በብረቱ ገጽታ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

በዚህም የድሮው መልስ ፈረሰ። ብረት ከመንቀጥቀጥ ብዛት «ክሪስታል የሚሆን» ነገር አይደለም፤ ለካስ ከመጀመሪያውም ክሪስታል ነው፤ ከታጠፈ በኋላም ክሪስታል ነው።

መስመሯ ስንጥቅ ስትሆን

ይህ በተገኘ በአራተኛው ዓመት፣ በ1903፣ ዩዊንግ ከሌላው ባልደረባው ከሃምፍሪ ጋር ሆኖ ወደ ድካሙ ጥያቄ ተመለሰ። የስዊድን ብረት አለስልሰው ወዲያና ወዲህ እያጠፉ፣ በየመሃሉ እያቆሙ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። ኃይሉ ብረቱን በአንድ ጊዜ የሚሰብር አልነበረም። መጀመሪያ ጥቂት የመንሸራተት መስመሮች ታዩ። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ሌሎች ተጨመሩ፤ መስመሮቹ ሰፉ፤ ጠቆሩ፤ ጠርዛቸው ሻከረ። በመጨረሻ ከመስመሮቹ አንዳንዶቹ ስንጥቅ ሆኑ፤ ስንጥቆቹ ተገናኙ፤ ብረቱ ተሰበረ።

እነሆ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ፦ ብረት ድንገት አይሰበርም። ድንገት የሚሆነው የመጨረሻው ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መንሸራተት፣ ከመንሸራተት በኋላ መሻከር፣ ከዚያ ስንጥቅ አለ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው ነው።

የተፈናቃዮቹ ሳይንስ

አንድ እንቆቅልሽ ግን ቀረ። ሩሲያዊው ያኮቭ ፍሬንኬል በ1926 አንድ ሙሉ የአተም ንጣፍ በሌላው ላይ በአንድ ጊዜ እንዲንሸራተት ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ አሰላ። የወጣው ቁጥር ንጹሕ የብረት ክሪስታሎችን በእውነት ለማጠፍ ከሚያስፈልገው ኃይል በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። በስሌቱ ከሄድን ሽቦ በእጅ አይታጠፍም ነበር!

መልሱ በ1934 ከሦስት ሰዎች መጣ፤ ሦስቱም በየፊናቸው ነው የደረሱበት። አንዱ የካምብሪጁ ጆፍሪ ቴይለር ነው። ሁለቱ የሃንጋሪ ተወላጆች ናቸው፤ ማይክል ፖላኒና ኤጎን ኦሮዋን። ሁለቱም በርሊን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ፣ በአይሁድ ትውልዳቸው ምክንያት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ መቆሚያ ያጡ ናቸው። ፖላኒ በ1933 ሥራውን ለቆ ወደ ማንችስተር ሄደ። ኦሮዋን ወደ ቡዳፔስት ተመልሶ ቆየና በ1937 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። የሁለቱ ጽሑፎች በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም ጎን ለጎን ወጡ።

ሐሳባቸውን በብርድ ልብስ እናስረዳ። ትልቅ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርጉና በአንድ ጊዜ ጎትቱት፤ ይከብዳል። አሁን አንዱን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋችሁ ሽብሽብ ሥሩና ሽብሽቧን በእጃችሁ እየገፋችሁ እስከ ሌላው ጫፍ አድርሷት። ብርድ ልብሱ ያለ ድካም ትንሽ ወደፊት ሄደ። በክሪስታል ውስጥም እንደዚህ ሽብሽብ ያለ ጉድለት አለ፤ አተሞቹ ከቦታቸው የተዛነፉበት መስመር ነው። ንጣፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይንሸራተትም፤ ጉድለቷ ናት ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትጓዘው። ብዙ ጉድለቶች በአንድ መንገድ ሲያልፉ ደረጃው ያድግና በማይክሮስኮፕ የሚታይ መስመር ይሆናል። ጉድለቶቹ በዝተው መንገድ ላይ ሲጠላለፉ ደግሞ ብረቱ ይጠነክራል፤ ሽቦው «እምቢ» ያለው ለዚህ ነው። ቀጥቃጩ ሲያግለው ጥልፍልፉ ይፈታል።

የዚህች ጉድለት ስም ዲስሎኬሽን ነው። ወደ አማርኛ እንመልሰው ካልን መፈናቀል ልንለው እንችላለን። ስሙ የወጣው ለአተም ነው፤ ሐሳቡን ካመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ግን ቃሉን በራሳቸው ሕይወት ያወቁት ናቸው።

ዲስሎኬሽን ለሃያ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ሆኖ ቆየ። በ1956 የካምብሪጆቹ ፒተር ሂርሽ፣ ሮበርት ሆርንና ማይክል ዌላን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ ውስጥ ዲስሎኬሽኖች ሲንቀሳቀሱ በዓይናቸው አዩ። ፒተር ሂርሽ በርሊን የተወለደ ሲሆን፣ በ1939 አይሁድ ሕፃናትን ከናዚ ባወጣው ጉዞ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ልጅ ነበር። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉልን።

ጄቱ ካርቱም አረፈ

አሁን ወደ ካርቱም እንመለስ። ሜይ 2 ቀን 1952 ከለንደን አንድ አውሮፕላን ተነሳ። ስሙ ኮሜት ነው፤ ጅራታም ኮከብ ማለት ነው። የሠራው ደ ሃቪላንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ያበረረው ቢኦኤሲ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ነው። የአውሮፕላኑ መለያ ፊደሎች መጨረሻ ላይ ባሉት ሁለት ፊደሎች የተነሳ ዮክ ፒተር ይሉታል። ይህ በረራ በዓለም የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች የጄት በረራ ነበር። መንገዱም ሮም፣ ቤይሩት፣ ካርቱም፣ ኢንቴቤ፣ ሊቪንግስተን፣ ጆሃንስበርግ። 36 መንገደኞችን ይዞ 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጆሃንስበርግ ገባ። የጄት ዘመን ሲጀምር ካርቱም በመንገዱ ላይ ነበረች ማለት ነው።

ኮሜት የሚበርረው እስከ 12,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ውስጥ በአየር ይሞላል፤ መንገደኛው የሚተነፍሰው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው፤ ለአዲስ አበባ ከፍታ ቅርብ። ውስጡ እየገፋ ውጭው ስስ ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የአውሮፕላኑ ቆዳ ላይ ከ5 ቶን ተኩል በላይ የሚሆን ግፊት ያርፋል። ቆዳው ደግሞ በብዙ ቦታ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር።

እንግዲህ ሽቦውን አስታውሱ። አውሮፕላኑ ሲወጣ ቆዳው ይወጠራል፤ ሲያርፍ ይላላል። ከለንደን እስከ ጆሃንስበርግ በአንድ ጉዞ ብቻ 6 ጊዜ መወጠርና መላላት። ቤይሩት ተነስቶ ካርቱም ሲያርፍ አንድ፤ ካርቱም ተነስቶ ኢንቴቤ ሲያርፍ ሌላ አንድ። መንገደኛው ነዳጅ እስኪሞላ ሻይ ሲጠጣ በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ያለው አሉሚኒየም እየቆጠረ ነበር።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ያው ዮክ ፒተር ከሮም ወደ ለንደን ተነስቶ 20 ደቂቃ ያህል እንደበረረ በኤልባ ደሴት አጠገብ ሰማይ ላይ ተበታተነ። ተሳፍረው የነበሩት 35 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ኮሜቶች ለጊዜው ቆሙ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ በማርች ወር እንደገና መብረር ጀመሩ። ኤፕሪል 8 ቀን ሌላ ኮሜት፣ ዮክ ዮክ፣ ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 21 ሰዎች ሞቱ። አሁን ኮሜት በሙሉ ታገደ።

ገንዳ ውስጥ የተነከረ አውሮፕላን

ምርመራው ለፋርንቦሮው የአውሮፕላን ምርምር ተቋምና ለዳይሬክተሩ ለአርኖልድ ሆል ተሰጠ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የዮክ ፒተርን ስብርባሪ ከባሕር ወለል ለቀመ። ሆል ደግሞ ዮክ አንክል የተባለውን ሌላ ኮሜት ወስዶ ክንፎቹ በሁለት ጎን ወጥተው አካሉ በሙሉ ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ውስጡንም ውጭውንም ውሃ ሞሉት። ከዚያ ወደ ውስጥ ውሃ እየጨመሩ ግፊቱን ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ እያንዳንዷ ከፍ ዝቅ አንድ በረራ ማለት ናት። አየር ሳይሆን ውሃ የተመረጠበት ምክንያት አለው። የታመቀ አየር ሲፈነዳ ማስረጃውን ይበታትናል፤ ውሃ ግን ስለማይታመቅ ቆዳው ሲቀደድ ባለበት ይቆማል፤ ስንጥቁ የት እንደጀመረ ይታያል።

ዮክ አንክል ገንዳ ከመግባቱ በፊት ከ1,200 በላይ በረራ አድርጎ ነበር። ገንዳው ውስጥ ከ1,800 በላይ ተጨመረለት። ጁን 1954 ላይ፣ በጠቅላላው 3,060 ገደማ ሲሆን ቆዳው ተቀደደ። ስንጥቁ የጀመረው ከአንድ መስኮት ማዕዘን ነው። ዮክ ፒተር ሲወድቅ 1,290 ያህል፣ ዮክ ዮክ 900 ያህል በረራ አድርገው ነበር። በኋላም በነሐሴ አካባቢ ከባሕር የወጣው የዮክ ፒተር የጣሪያ ቁራጭ ስንጥቁ በጣሪያው ላይ ካለው የአንቴና መስኮት ማዕዘን እንደተነሳ አሳየ። ውጥረት እንደ ጎርፍ ነው፤ ቀዳዳ ሲገጥመው ዞሮ ያልፋል፤ ማዕዘን ላይ ይጨናነቃል።

እዚያው ፋርንቦሮው ውስጥ፣ አደጋው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1953፣ ፎርሳይዝ የተባለ ተመራማሪ የአሉሚኒየምና የመዳብ ቅይጥ ሲደክም ከመንሸራተት መስመሮቹ ውስጥ ስስ የብረት ልሳን እየተገፋ እንደሚወጣ አሳትሞ ነበር። ንጣፉ ወዲያ ተንሸራቶ ወዲህ ሲመለስ በትክክል ወደ ቦታው አይገባም፤ አንዱ ጋ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ይሰረጉዳል፤ ስርጉዷ የስንጥቅ መነሻ ናት። በ1956 ደግሞ ቶምፕሰን፣ ዋድስዎርዝና ሉዋት በመዳብ ላይ ሌላ ነገር አዩ። የመንሸራተት መስመሮቹን አለስልሰው ቢያጠፏቸውም መዳቡ እንደገና ሲታጠፍ አንዳንዶቹ እዚያው ቦታ ተመልሰው ብቅ አሉ። ቁስሉ ላይ ላዩን ሳይሆን ወደ ውስጥ ዘልቋል።

ያታለለው ፈተና

ታዲያ ደ ሃቪላንድ ሳይፈትን ነው እንዴ አውሮፕላኑን ያበረረው? አይደለም። የአውሮፕላኑን የፊት ክፍል ወስዶ 18,000 ጊዜ ያህል ግፊት እየጨመረና እየቀነሰ ፈትኖት ነበር፤ ቻለ። ይህ ቁጥር ዮክ ፒተር ከበረረው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ምን ተሳሳተ?

የተፈተነው ክፍል ከዚያ በፊት ለሌላ ፈተና ሲባል በበረራ ላይ ከሚደርሰው እስከ ሁለት እጥፍ ግፊት ተጭኖበት ነበር። ያ ከባድ ግፊት በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ያለውን ብረት በፕላስቲካዊ ለውጥ አስረዘመው። ግፊቱ ሲነሳ በዙሪያው ያለው ያልተለወጠ ብረት ወደ ቦታው ሲመለስ ማዕዘኑን ጨመቀው። ከዚያ በኋላ ግፊት ሲመጣ ማዕዘኑ መጀመሪያ ከጭምቁ መላቀቅ ስላለበት የሚደርስበት ጉተታ አነስተኛ ሆነ። በአጭሩ፣ የተፈተነው ክፍል በፈተናው ምክንያት ጠንክሯል፤ መንገደኛ የጫኑት አውሮፕላኖች ግን እንደዚያ አልጠነከሩም። ፈተናው ትክክል ነበር፤ የተፈተነው ግን ሌላ ነገር ነበር።

መምህራን ይህን ነገር ለራሳችን ሥራም ልንወስደው እንችላለን። ተማሪውን አስቀድመን መልሱን አስጠንተነው ስንፈትነው ያልፋል፤ ግን ምኑን ፈተንነው?

ከዚያ ወዲህ

በሎርድ ኮኸን የተመራው የምርመራ ጉባኤ በ1954 መገባደጃ ላይ ተቀመጠ፤ ሪፖርቱም በ1955 ወጣ። ውጤቱ ስላልተደበቀ የአሜሪካ አውሮፕላን ሠሪዎችም ተማሩበት። የተሻሻለው ኮሜት 4 በ1958 አትላንቲክን አቋርጦ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በ1962 የሱዳን አየር መንገድ ሁለት ኮሜት 4ሲ አውሮፕላኖችን ተረከበ፤ ኮሜት አሁን እንግዳ ሳይሆን የካርቱም ሆኖ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶቹን የተረከበው በዚያው ዓመት ነው።

ነገሩ ግን አለቀ ማለት አይደለም። በ1988 ሃዋይ ላይ አንድ ቦይንግ 737 በበረራ ላይ እንዳለ የጣሪያው ሰፊ ክፍል ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። ያ አውሮፕላን ወደ 90,000 የሚጠጋ በረራ ያደረገ ነበር። ብረት ዛሬም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ሰው መፈተሽ አለበት።

እኛስ አውሮፕላን የለን፣ ምን አገባን? ያገባናል። የእጅ ውሃ ፓምፕ ዘንግ፣ የአህያ ጋሪ ወይም ካሮ የምንለው አክሰል፣ የብስክሌት ፔዳል፣ የወፍጮ ቤት ዘንግ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይሰበራሉ። አንድ ዕቃ ሲሰበርባችሁ ከመጣላችሁ በፊት የተሰበረውን ፊት ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ አንዱ ክፍል ለስለስ ያለ ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ክብ ክብ መስመሮችም ሊታዩበት ይችላሉ። ይህ ስንጥቁ ቀስ እያለ ለወራት የሄደበት ነው። ሌላው ክፍል ሻካራ ነው፤ ይህ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተገነጠለ ነው። ለስላሳው ክፍል ከሰፋ ዕቃው ለረጅም ጊዜ ታሞ ነበር ማለት ነው። ክብ ክቦቹ ወደ መነሻቸው ይመሯችኋል፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ ስለታም ማዕዘን፣ ጭረት፣ ዝገት ወይም መጥፎ ብየዳ ታገኛላችሁ። አዲሱን ዕቃ ስታሠሩ ያችን ማዕዘን አስከብቡ፤ ጭረቱን በሞረድ አስለስሉ።

«ሲሰበር የነካው ማነው?» ብሎ የመጨረሻውን ሰው መክሰስ ቀላል ነው። ዩዊንግና ሮዘንሃይን ያስተማሩን ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከመሰበሩ በፊት ምን ነበር?»

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የታጠፈ ሽቦ ሲቃና በታጠፈበት ቦታ የማይቃናው ለምንድን ነው? ቀጥቃጭ ይህን ችግር እንዴት ይፈታዋል?
2. ዩዊንግና ሮዘንሃይን መስመሮቹ ስንጥቅ እንዳልሆኑ በምን አወቁ?
3. አንድ ኮሜት ከለንደን ጆሃንስበርግ ደርሶ ቢመለስ ቆዳው ስንት ጊዜ ይወጠራል? 1,290 ጊዜ ለመወጠር ስንት የደርሶ መልስ ጉዞ ያስፈልገዋል?
4. የደ ሃቪላንድ ፈተና ለምን አታለለ? እናንተ ብትሆኑ እንዴት አድርጋችሁ ትፈትኑ ነበር?
5. በሰፈራችሁ የተሰበረ ብረት ፈልጋችሁ ለስላሳውንና ሻካራውን ክፍል በደብተራችሁ ላይ ሳሉ። ስንጥቁ ከየት ተነሳ?

ማሳሰቢያ ለመምህራን፦ የሽቦውን ሙከራ ስታሠሩ የተሰበረው ጫፍ ስለሚሞቅና ስለሚወጋ ተማሪዎች ከዓይናቸው አርቀው እንዲይዙት አድርጉ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።